ድሪቶ፦ ከሱሪ እግር ቁራጭ የሚሠራ ብርድ ልብስ ማስታወሻ

ጥቅምት 14

ጋሼ ዛሬ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ሰጡኝ። ጋሼ የምላቸው ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ፒያሳ በረንዳ ላይ ስንት ዓመት ሲሰፉ ኖረው፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ወደ አምስት ኪሎ የመጡ። ሦስት ወር ሙሉ «ቁርጥራጭ ካለ አይጣሉብኝ» እያልኳቸው «እሺ» ይሉና ይረሱታል። ዛሬ ግን ፌስታሉን ከመኪናው ሥር በእግራቸው ገፋ አድርገው አወጡና «ውሰጂው እንግዲህ፣ አይጥ ሊወልድበት ነው» አሉኝ።

ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። የጠበቅኩት አበባ አበባ ያለበት የቀሚስ ትራፊ ነበር። የወጣው በሙሉ የሱሪ እግር ጫፍ ነው። ሰው ሱሪ ገዝቶ ሲረዝምበት ወደ ሰፊ ይወስደዋል፤ ሰፊው ለክቶ ሲቆርጠው ከሁለቱ እግር ሁለት ቀለበት ይወድቃል። እነዚያን ቀለበቶች ነው የሰጡኝ። ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ ካኪ፣ አሁንም ግራጫ። ቆጠርኳቸው፣ 61 ናቸው። ጎዶሎ ነው፤ የአንዱ ጥንድ የት እንደገባ እንጃ።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት።

ጥቅምት 17

የእስካሁኑን ልጻፍ፣ ኋላ እንዳልረሳው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከዩቲዩብ የወሰድኩት ባለ ዘጠኝ ካሬ ኩዊልት፣ ማለትም ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሠራ ብርድ ልብስ ነበር። ልኩ በኢንች ነው፤ ስፌቱ ከጨርቁ ጫፍ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ነው የሚገባው። እኔ ግን ከአክስቴ የተማርኩት የቀሚስ ስፌት ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር። ልዩነቷ የምትናቅ መስላኝ ነበር። ዘጠኝ ካሬ በተከታታይ ስሰፋ ረድፉ ከሚገባው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጥሮ ቁጭ አለ። ከጎኑ ያለው ረድፍ ደግሞ በሌላ ቀን ስለተሰፋ ሌላ ልክ አለው። ያ ሥራ ዛሬ የሽንኩርት ጆንያ መሸፈኛ ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አይቼ፣ ባለቀለም መስታወቱን አንድ ላይ የያዘው ጥቁር መስመር ስለማረከኝ፣ በቀጭን ጥቁር ጥብጣብ ጨርቅ በጨርቅ ልገጣጥመው ተነሣሁ። 150 ካሬ ሜትር የሆነን ሥዕል ወደ ትራስ ልብስ! አንድ ሰው ችቦ ይዞ የቆመ ይመስላል ያልኩትን እህቴ «ማይክ የያዘ ዘፋኝ ነው?» አለችኝ። ተወው።

ሦስተኛው ግን አልቋል፤ ያምራልም። አሜሪካኖቹ የግንድ ቤት የሚሉት ንድፍ ነው፦ መሐሉ ላይ ትንሽ ካሬ፣ ዙሪያውን እንደ ግንድ የሚደረደሩ ቀጫጭን ጨርቆች። መሐሉ ቀይ ይሆናል፣ ምድጃው ነው ይላሉ። ቤት የመጣ ሁሉ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ይላል። እኔ ነኝ፤ እጄ ነው። ግን ቀለሙን ዩቲዩብ ላይ ያለችው ሴትዮ መረጠች፣ ልኩን እሷ ሰጠች፣ እኔ ደግሞ በግንድ ቤት አላደግኩም፤ ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው፣ ምድጃውም ጓዳ ነበር እንጂ መሐል ላይ አልነበረም። ፈርሚበት ብባል እጄ ያመነታል።

ጥቅምት 23

ፌስታሉን አወረድኩት።

ቀለበቶቹን በአንድ ጎናቸው ተርትሬ ዘረጋኋቸው። እያንዳንዱ ረጅም መቀነት የመሰለ ቁራጭ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከ40 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር፣ መሐሉ ላይ የሌላኛው ጎን ስፌት አለ። የዘመኑ ጠባብ ሱሪ 34 ብቻ ነው፤ እሱን በ8 ሴንቲ ሜትር ቅጥያ አስረዝመዋለሁ። ወርዱ ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። 3 ሴንቲ ሜትር አለ፣ 14 አለ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ 5 ልቆርጣቸው ማስመሪያ አንሥቼ ነበር። ከዚያ ገባኝ፦ ወርዱ ማለት ሱሪው ሰውየውን ስንት እንደበለጠው ነው። 14 የተቆረጠለት ሰው አጭር ነው፣ ወይም ከቁመቱ በላይ የሆነ ሱሪ በርካሽ አግኝቷል። 3 የተቆረጠለት ደግሞ ሱቁ ውስጥ «ልክህ ነው» ተብሎ እቤቱ ሲደርስ ያመነታ።

ማስመሪያውን አስቀመጥኩት። በርዝመት አስተካክላቸዋለሁ፤ ወርዳቸውን አልነካም።

እቅዱ እንዲህ ነው፦ አራት ዓምድ ጎን ለጎን፤ የእያንዳንዱ ወርድ ተሰፍቶ ሲያልቅ 38፣ ቁመቱ 200 ሴንቲ ሜትር። ቁራጮቹ በየዓምዱ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። የሱፍ ጨርቅ ጫፉ ስለሚበተን ሩብ ኢንች አይበቃውም፤ 1 ሴንቲ ሜትር እገባለሁ። አክስቴ በመጨረሻ አሸነፈች።

ኅዳር 2

ዓምድ አንድ። የአክስቴ ሲንጀር በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ ትናንት በሻማ ሁለት ሰዓት ሰፋሁ። ጠማማውን ያየሁት ሲነጋ ነው።

መርፌ ቁጥር 14 ሁለት ጊዜ ተሰበረ። የሚሰበረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የአንዱ ሱሪ የጎን ስፌት ከሥሩ ካለው ሱሪ የጎን ስፌት ጋር ሲገጥም፣ ጨርቁ እዚያ ላይ እንደ ገመድ ይወፍራል። ድምፁም ይለያል፣ ጥርስ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚለው ነው። ቁጥር 16 መርፌ ገዛሁ፤ ከዚያም ስፌት በስፌት ላይ እንዳይውል እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሁለት ጣት ያህል ማንሸራተት ጀመርኩ። ለመርፌው ብዬ ነው ያደረግኩት። ግን ዓምዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ራቅ ብዬ ሳየው የጎን ስፌቶቹ ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይወርዳሉ፣ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ታች የሚወርደው ሰው መተላለፊያ ፈልጎ እንደሚሄደው። ወደድኩት። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ካለ መርፌው ነው።

ካውያ፦ ፖሊስተር ያለበትን ሱፍ በቀጥታ ስተኩስ እንደ ብርጭቆ አበራ። ሦስት ቁራጭ አበላሸሁ። ከዚህ በኋላ እርጥብ አቡጀዲ ከላይ አድርጌ ነው የምተኩሰው።

ኅዳር 8

እማዬ መጣች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቆማ አየችው፣ ቀረብ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብርድ ልብስ ነው የሚሆነው።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ድሪቶ ነው።»

ቡና አፍልተን ሌላ ሌላ አወራን። ቃሉ ግን ከቤት አልወጣም። ድሪቶ ማለት እሷ ባደገችበት ዘመን ሌላ የሌለው ሰው እላዩ ላይ እየጣፈ የሚለብሰው ነው፤ መናኝ ይለብሰዋል፣ ለማኝ ይለብሰዋል። ስድብም ነው። ልጇ ደሞዝ እያላት፣ ሱቅ ሙሉ ብርድ ልብስ እያለ፣ የማታውቃቸውን ወንዶች የሱሪ ጫፍ ስትለቅም ማየት ምን እንደሚመስላት ይገባኛል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ «ኩዊልት» ስል የከረምኩት፣ ለነገሩ በእኛ ቋንቋ ስም የሌለው ስለመሰለኝ ነበር። ስም ነበረው። ያልወደድነው ስም ስለሆነ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የማስታወሻው ርእስ ድሪቶ ነው። ላይኛውን ሰርዤ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የኅዳር በሽታ ስንቱን ከፈጀ ወዲህ፣ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ጠዋት በመስኮት ጭሱ ሲገባ ወረድኩ። የምድር ቤቷ እትዬ የጓዳዋን መጋረጃ ጠቅልላ ወደ እሳቱ ስትሄድ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ እሱን ለእኔ!»

«ምን ሊሠራልሽ? ፀሐይ የበላው ነው እኮ።»

ነው፤ ፀሐይ በልቶታል። ቢጫ ነበር። ዓመታት እጥፍጥፍ ብሎ ስለተሰቀለ ወደ ውጭ የወጣው እጥፋት ነጥቷል፣ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ገና እርድ ይመስላል። ማንም ሳይሸምነው በላዩ ላይ ሰፋፊ መስመር ወጥቶበታል። ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ የሽሮ ሽታው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ከግራጫው ጋር አይሄድም።

ኅዳር 20

ዓምድ ሁለት አለቀ፤ 41 ቁራጭ ገባበት። ጋሼ ሁለተኛና ሦስተኛ ፌስታል ሰጥተውኛል።

ፎቶ ለአጎቴ ልጅ ላክሁላት፣ ዋሽንግተን ናት። «ቆንጆ ነው፣ ግን የእኛ ነገር የለውም። ጥለት ጨምሪበት» አለችኝ። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ገዛሁ፤ በሁለቱ ዓምድ መካከል አስገባሁት። መጀመሪያ ነገር በሙያውም አልሆነም፦ የጥጥ ሽመና ልል ነው፣ ይሳባል፤ ሱፉ ድርቅ ያለ ነው። አንድ ላይ ሲሰፉ ጥለቱ እንደ ጎርፍ ውኃ ተሞገደ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ባይሞገድ ኖሮ እንኳ፣ የሆቴል መግቢያ ላይ የሚነጠፍ ነገር ነበር የመሰለው። ሸማኔው በጥለቱ ላይ የደከመው ድካም ለነጠላው ነው፤ እኔ ያስገባሁት ግን «ኢትዮጵያዊ ነኝ» የሚል ማኅተም እንዲሆንልኝ ነው። የአምስት ኪሎ ሰፊ የቆረጠው ሱሪ የእኛ ካልሆነ የማን ነው?

ለመስፋት አርባ ደቂቃ። ለመተርተር ሁለት ምሽት። ጥለቱን ለእማዬ ሰጠኋት፣ ደስ አላት።

ኅዳር 27

ከሥራ በኋላ ስልኬ ላይ ስፈልግ፣ በአሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል፣ ወንዝ ጥምዝ ብሎ የከበባት መንደር አገኘሁ። የባሪያ ዘሮች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ትውልድ በትውልድ ከሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ሲሠሩ ኖረዋል። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባለው ባሏ ሲሞትባት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ እርሻ ላይ ይለብሰው የነበረውን ልብስ ገጣጥማ ሠርታለች። ጉልበቱ ላይ ያለው ጨርቅ ነጥቷል፤ ኪሱ የተነቀለበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራዎቻቸው ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ተሰቀሉ፣ በ2006 ደግሞ ቴምብር ሆኑ።

እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አየሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። አሁን ደግሞ እነሱን ልገለብጥ ነው? ግራጫ ቁራጮቼን እያየሁ «ይሄኛው የእነሱን ይመስላል፣ ይሄኛው አይመስልም» ማለት ጀመርኩ። ከዩቲዩቧ ሴትዮ በምን ተለየ?

ልዩነት አለው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩና ደከመኝ። ሥራው እስኪያልቅ ፎቶዎቹን ላላያቸው ወሰንኩ። እነሱ የለበሰውን ሰው ያውቁታል፤ ባል ነው፣ አባት ነው። እኔ አንዱንም አላውቅም። እዚያ ላይ ነው የእኔ ሥራ ያለው፣ ካለ።

ታኅሣሥ 4

ዓምድ ሦስት አለቀ። ለአራተኛው 15 ቁራጭ ብቻ ቀረኝ፤ ደርድሬ ስለካው 81 ሴንቲ ሜትር። 119 ይጎድላል።

ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ለገና ነይ፣ ያኔ ነው ሰው ሱሪ የሚያሳጥረው» አሉኝ። አልታገሥ ብዬ ሱቅ ገብቼ ግማሽ ሜትር ግራጫ ሱፍ ገዛሁ። እየቆረጥኩ ደረደርኩት። የሞተ ነገር። ቀለሙ አንድ ነው፣ የተተኮሰበት መስመር የለው፣ የጎን ስፌት የለው። ሰው ያልገባበት ጨርቅ ወዲያው ያስታውቃል።

ማታ ክፍት ቦታውን ወለሉ ላይ እንዳለ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ቡና ስጠጣ አየሁት፤ ሦስቱ ዓምድ ሙሉ፣ አራተኛው ከወገቡ በታች ባዶ። መጋረጃውን አመጣሁና ሳልቆርጥ፣ ሳልገጣጥም፣ አንድ ወጥ አድርጌ እዚያ አነጠፍኩት።

እንዴት ልበለው። ግራጫው ሁሉ በአንዴ ቀለም ሆነ። ቡኒ ነው ያልኩት ቀይ አለበት፤ ጥቁር ነው ያልኩት አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ያወጣው መስመር ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል፣ የእኔ ቁራጮች አግድም ናቸው።

«ለመስቀል በዓል ነው የምትሠሪው?» አለች እህቴ። አይደለም። ጨርቅ ስላለቀብኝ ነው።

ከዩቲዩቧ ሴትዮ ጋር የተለያየነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እሷ ጨርቅ አያልቅባትም።

ታኅሣሥ 11

መሐሉ። ሦስት ንብርብር ነው፦ ላይ የገጣጠምኩት፣ ታች ገበር፣ መሐል የሚያሞቅ ነገር። ለመሐሉ ባዘቶ አስቤ ነበር፤ 40 በ40 መሞከሪያ ሠርቼ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሰፋሁትና አጠብኩት። ባዘቶው ወደ ጥግ ሸሽቶ እንደ ሊጥ ተጓጎለ። ቢያንስ በየ4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትሩ መሰፋት ነበረበት፤ በዚህ ሁሉ ሱፍ ላይ ያንን ያህል መስፋት ደግሞ ዕድሜ ይጨርሳል።

ለእማዬ ነገርኳት። ምንም ሳትል ሄደች፤ እሑድ አሮጌ ጋቢዋን በፌስታል ይዛ መጣች። ጋቢ አራት ንብር ነው፤ ፈትተን ሁለት ሁለት አደረግነው። «ግማሹን ውሰጂ፣ ግማሹ ለእኔ ይቅር» አለች። ድሪቶ ነው ካለችኝ ወር አልፏል። አላነሣሁባትም፤ እሷም አላነሣችም።

ጋቢውን አስቀድሜ አጠብኩት፣ ይሸሽ እንደሆነ አሁኑኑ ይሽሽ ብዬ። የታኅሣሥ ፀሐይ በአንድ ቀን አደረቀው።

ታኅሣሥ 19

አልጋውን ገፍተን ወለሉ ላይ አነጠፍነው፤ ገበሩ አቡጀዲ፣ ጋቢው፣ ላይኛው። ወደ ሁለት መቶ መርፌ ቁልፍ ፈጀ። ጉልበቴ!

ይሄ ሁሉ ውፍረት መኪናው ሥር አይገባም። ስለዚህ አልተሰፋም፤ በቋጠሮ ነው የያዝኩት፦ በወፍራም ክር አውርዶ ማውጣት፣ ሁለቴ ማሰር፣ ጫፉን መተው፣ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ። ቋጠሮው ከፊት ቢሆን ወይስ ከኋላ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከኋላ። ፊቱ በቂ ወሬ አለው።

ጥር 6

ከቁራጮቹ አንዱ ላይ የጋሼ ጠመኔ ሳይለቅ ቀርቷል። 98 ይላል፤ የሰውየው ሱሪ ርዝመት ነው። ሲታጠብ ይጠፋል ብዬ በነጭ ክር በላዩ ላይ ሰፋሁት፤ 9 ላይ እጃቸው ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፣ እሱንም ተከተልኩ።

አምሮ ሲወጣ በሌሎቹም ላይ ቁጥር ልጽፍ ከጀለኝ። 102፣ 95... የራሴን ቁጥር ልፈጥር ማለት ነው። ተውኩት። አንዱ እውነተኛ ነው፣ ሌላው ጌጥ ይሆናል።

ጥር 15

ጥምቀት አልፎ ዙሪያውን ዘመዘምኩት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጎዶሎው ቀለበት ጀምሬ።

ጠቅልዬ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጠረጴዛው ስላልበቃው ግማሹ መኪናው ላይ ወጣ። ቢጫውን ዘለሉት። ግራጫዎቹን በጣታቸው እየነኩ ወረዱ።

«ይሄ የባንክ ዘበኛው ነው። ይሄ... የሙሽራው ሚዜ፣ ስድስት ነበሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ይሄ ሰውዬ ደግሞ አልከፈለኝም።»

98 ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። ገልብጠው ዝምዝማቱን ሲያዩ ግን ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተስቦብሻል።»

«የት?»

ጠመኔውን ከጆሮአቸው ላይ አወረዱና አንድ ስንዝር የሚያህል መስመር አሰመሩበት። ነገ ተርትሬ እመልሰዋለሁ።